ለፓርክ፣ ለዋናና ለላይብረሪ የሚከፈለው ገንዘብ እንዴት ይተመናል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንዲት ከተማ ይኖራሉ እንበል። ልጅዎ ሊመረቅ ነው። ቤቱ ስለሚጠብ የከተማውን የፓርክ አዳራሽ ሊከራዩ አሰቡ። የዋጋ ዝርዝሩን ሲከፍቱት ግን አንድ ዋጋ አያገኙም። የሰዓት ኪራይ አለ፣ ማስያዣ አለ፣ የሠራተኛ አለ፣ የጽዳት አለ፣ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ዝርዝሩ ደግሞ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፤ አንዱ ለከተማው ነዋሪ፣ ሌላው ከከተማው ውጭ ለሚኖር። እዚያው አጠገቡ ያለው ላይብረሪ ግን መጽሐፉን ያለ ክፍያ ያውሳል።

ይህን ዋጋ ማን ቆረጠው? በምን ስሌት? መክፈል የማይችል ሰውስ ምን ያደርጋል? ቀስ ብለን አንድ በአንድ እንያቸው። ካሊፎርኒያን የመረጥኩት በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሳን ዲዬጎ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ብቻ አይደለም። የክፍያ ሕጉ እዚያ ጥብቅ ስለሆነ አሠራሩን ለማየት ይመቻል። በሌላ ግዛት ለሚኖር አንባቢ ሕጉ ይለይበታል፤ የሒሳቡ አካሄድ ግን ብዙም አይለይም። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ሰዓቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግብር እየከፈልኩ እንደገና ለምን እከፍላለሁ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ 1978 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 13ን አጸደቁ። ፕሮፖዚሽን ማለት ሕዝቡ ራሱ በምርጫ ቀን ድምፅ የሚሰጥበት የሕግ ሐሳብ ነው። ይህኛው መሠረታዊው የቤትና የመሬት ግብር ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ግምቱም ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ።

ቤት ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። የከተሞች ካዝና ግን ሳሳ። በዚያ ላይ ያቺ 1 በመቶ ለከተማው ብቻ የምትሄድ አይደለችም። ትምህርት ቤቶችና ካውንቲው፣ ማለትም ከከተማው በላይ ያለው አስተዳደር፣ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ለከተማው የሚደርሰው ገንዘብ ከሽያጭ ግብርና ከሌሎች ገቢዎች ጋር ተደባልቆ አጠቃላይ ፈንድ ወደሚባለው ካዝና ይገባል። ከዚህ ካዝና ትልቁን ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስና እሳት አደጋ ይወስዳሉ። ፓርክና ላይብረሪ ከቀረው ይካፈላሉ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነኩትም እነሱ ናቸው። ጉድለቱን ለመሙላት ከተሞች ወደ ተጠቃሚ ክፍያ ዞሩ። የተጠቃሚ ክፍያ ማለት ሁሉም ሰው ሳይሆን አገልግሎቱን ያገኘው ሰው ብቻ የሚከፍለው ነው።

“ታዲያ በየሰፈሩ አዲስ ፓርክ ሲሠራ አያለሁ፤ ገንዘብ የለም የሚባለው እንዴት ነው?” ይሉ ይሆናል። የሁለቱ ኪስ የተለያየ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኩዊምቢ በሚባለው ሕግ መሠረት፣ መሬት ሸንሽኖ ቤት የሚሠራ ድርጅት ለፓርክ የሚሆን ቦታ ወይም ገንዘብ እንዲሰጥ ከተማው ማስገደድ ይችላል። ያ ገንዘብ ግን ለመሬትና ለግንባታ እንጂ ለአስተማሪ ደመወዝ ወይም ሣር ለማጨድ አይውልም። ስለዚህ ያማረ መናፈሻ ተመርቆ፣ ሽንት ቤቱን የሚከፍት ሠራተኛ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ከተማው የፈለገውን ያህል ሊያስከፍለኝ ይችላል?

በአብዛኛው አይችልም። በ1996 መራጮች ፕሮፖዚሽን 218ን አጸደቁ፤ በዚህ ሕግ የከተማ ግብር ያለ መራጭ ድምፅ አይጣልም። በ2010 ደግሞ ፕሮፖዚሽን 26 መጣ። ከተሞች ግብሩን “ክፍያ” ብለው እንዳያልፉት፣ ከተማ የሚጥለው ማንኛውም ክፍያ በሕጉ ከተዘረዘሩት 7 ልዩ ሁኔታዎች በአንዱ ካልተሸፈነ በስተቀር እንደ ግብር ይቆጠራል አለ።

ለእኛ ጉዳይ ከ7ቱ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ለከፋዩ በቀጥታ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ የልጆች ዋና፣ የሥዕል ትምህርት፣ የሰመር ካምፕ እዚህ ይገባሉ። በእነዚህ ላይ ክፍያው አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚወጣው ተገቢ ወጪ መብለጥ የለበትም። ከተማው ከዋና ትምህርት አትርፎ መንገድ መጠገን አይችልም ማለት ነው።

ሁለተኛው የከተማውን ንብረት መከራየት ወይም መግቢያ መክፈል ነው። አዳራሽ፣ የፓርክ መጠለያ፣ የእግር ኳስ ሜዳ እዚህ ውስጥ ናቸው። የወጪ ጣሪያው እነዚህን በቀጥታ አይነካም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የአዳራሽ ኪራይ ወደ ገበያ ዋጋ ተጠግቶ፣ የልጆች ትምህርት ደግሞ ከወጪው በታች ሆኖ የሚያገኙት።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ክርክር ቢነሳ የማስረዳት ሸክሙ በከተማው ላይ ነው። ክፍያው ግብር እንዳልሆነ፣ ከተገቢ ወጪም እንዳልበለጠ ማሳየት ያለበት ከተማው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ከተሞች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት ለአማካሪ ድርጅት ገንዘብ ከፍለው የወጪ ጥናት የሚያስጠኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወጪው እንዴት ይሰላል?

የልጆች ዋና ትምህርትን እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ከተሞች የሚሠሩበት ነው።

በአንድ ክፍል 10 ልጆች አሉ። ትምህርቱ 8 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ነው። አስተማሪው ከነጥቅማ ጥቅሙ በሰዓት 30 ዶላር ያስወጣል፤ ለ8 ሰዓት 240 ዶላር። ገንዳው ዳር 2 ላይፍጋርዶች፣ ማለትም የሰመጠ የሚያወጡ ጠባቂዎች፣ በሰዓት በ24 ዶላር ይቆማሉ። የሁለቱ ለ8 ሰዓት 384 ዶላር ይመጣል። በዚያው ሰዓት ገንዳው ውስጥ 3 ክፍሎች ስላሉ ለእኛ ክፍል የሚደርሰው 128 ዶላር ነው። ለመንሳፈፊያና ለሌላ ዕቃ 32 ዶላር ይጨመር። ድምሩ 400 ዶላር ነው፤ ለአንድ ልጅ 40።

ይህ ቀጥተኛ ወጪ ይባላል። ትምህርቱ ባይኖር ኖሮ የማይወጣ ገንዘብ ማለት ነው።

ቀጥሎ ተዘዋዋሪ ወጪ አለ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ደመወዝ፣ የመመዝገቢያው ሶፍትዌር፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ፣ የከተማው ጠበቃ ሳይቀር ለዚህ ክፍል ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። የእኛ ክፍል ድርሻ 120 ዶላር ይሁን። በመጨረሻም ገንዳው ራሱ አለ፦ ውሃ፣ ማሞቂያ፣ ክሎሪን፣ ጥገና። የዚህ ድርሻ 280 ዶላር ይሁን። አሁን ጠቅላላው 800 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ 80 ሆነ።

ልብ ይበሉ፤ አንዱን ትምህርት “40 ዶላር ያስወጣል” ማለትም “80 ዶላር ያስወጣል” ማለትም ውሸት አይደለም። ልዩነቱ ምን ተቆጠረ የሚለው ነው። ቀጥተኛው ወጪ ብዙም አያከራክርም፤ ደመወዙ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል። ክርክሩ ያለው ተዘዋዋሪው ላይ ነው። የከተማው ጠበቃ ለዋና ትምህርት ስንት ደቂቃ ሠራ? ገንዳው ዋና ትምህርት ባይኖርም ይሞቅ የለም ወይ? የክፍያ ጥናት ሲያነቡ ዓይንዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ። በእኔ አስተያየት የገንዳው ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ በተማሪዎች ላይ ከተጫነ ስሌቱ ችግር አለው፤ ያንኑ ውሃ ጠዋት አዛውንቶች፣ ማታ የዋና ቡድኑ ይጠቀሙበታልና።

ዋጋው በየዓመቱ ለምን ይጨምራል?

ትልቁ ምክንያት ደመወዝ ነው። የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በ2016 መግቢያ 10 ዶላር ነበር፤ በ2025 መግቢያ 16 ዶላር ከ50 ደርሷል። ከዚያ በላይ የወሰኑ ከተሞችም አሉ። የሰመር ካምፕና የገንዳ ሠራተኞች አብዛኞቹ ለዚህ እርከን ቅርብ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ደመወዙ ሲያድግ የዋናው ትምህርት ወጪ አብሮ ያድጋል።

አንዳንድ ከተሞች በየዓመቱ ጥናት ላለማስጠናት ክፍያውን ከኑሮ ውድነት መለኪያ ጋር ያስሩታል። መለኪያው 3 በመቶ ከጨመረ ክፍያውም 3 በመቶ ይጨምራል። ይህ አይከፋም። የከፋው ለ10 ዓመት ሳይነኩ ትቶ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው።

ጭማሪ ሁልጊዜ ገቢ ያመጣል ማለት ግን አይደለም። በምሳሌያችን 10 ልጆች 40 ዶላር ሲከፍሉ 400 ዶላር ይገባል። ዋጋው 60 ሆኖ 4 ልጆች ቢቀሩ፣ 6 ልጆች 360 ዶላር ይከፍላሉ። ገቢው ቀነሰ፤ አስተማሪውም ላይፍጋርዶቹም ያው ናቸው፤ 4 ልጆች ደግሞ ዋና ሳይችሉ ቀሩ። “በቂ ተመዝጋቢ ስላልተገኘ ትምህርቱ ተሰርዟል” የሚል መልእክት ደርሶዎት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወጪው በተማሪ ቁጥር ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከተማው ዝቅተኛ የተመዝጋቢ ቁጥር ያስቀምጣል።

ከወጪው ስንት እጁ ከእኔ ይወሰዳል?

ወጪውን ማወቅ የባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ ስንት እጁን ተጠቃሚው ይክፈል፣ ስንት እጁን ግብር ይሸፍን የሚለው ግን የምክር ቤቱ ውሳኔ ነው፤ ፖለቲካም አለበት። በባለሙያዎቹ ቋንቋ ይህ ወጪ ማስመለስ ይባላል። ምክር ቤቱ ለልጆች ዋና 50 በመቶ ካለ ከ80 ዶላሩ 40ውን እርስዎ ይከፍላሉ፤ 40ው ከአጠቃላይ ፈንዱ ይሞላል።

መቶኛው የሚቆረጠው ጥቅሙ ለማን ነው በሚል ጥያቄ ነው። ብዙ የፓርክ መምሪያዎች ይህን በፒራሚድ ሥዕል ያሳዩታል። ሰፊው መሠረት ላይ ጥቅሙ ለሁሉም የሚደርስ ነገር ይቀመጣል፦ ክፍት ሣር ሜዳ፣ የእግር መንገድ፣ የልጆች መጫወቻ። እዚህ ማንም አይከፍልም። ወደ ላይ ሲወጡ ጥቅሙ ለማኅበረሰቡም ለግለሰቡም የሆነ ይመጣል፤ የልጆች ዋና፣ የአዛውንቶች ፕሮግራም። ጫፉ ላይ ጥቅሙ የአንድ ሰው ብቻ የሆነው አለ፦ የግል የቴኒስ ትምህርት፣ ለሠርግ የተያዘ አዳራሽ። ይኼኛው ሙሉ ወጪውን፣ ኪራይ ከሆነም ከዚያ በላይ ይከፍላል።

ሳን ሆዜ ክፍያዎቿን በሁለት ምድብ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ምድብ ወጪያቸውን መመለስ ያለባቸው ናቸው። ሁለተኛው ከወጪያቸው በታች ወይም በላይ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። የሚወዱት ፕሮግራም ከየትኛው ምድብ እንደሆነ ማየት ዋጋውን ከማየት ይበልጣል፤ ምድቡ ሲቀየር ዋጋው ተከትሎ ይሄዳልና።

በየስብሰባው የሚቀርብ ሌላ ሰነድም አለ፤ የጎረቤት ከተሞች ዋጋ ንጽጽር። “እነ እገሌ 65 ያስከፍላሉ፣ እኛ 50 ነን፤ ስለዚህ ርካሽ ነን” ይባላል። እኔ በዚህ ብዙም አላምንም። ጎረቤቷ ከተማ ከግብር ስንት እንደምትደጉም ካልተነገረ ንጽጽሩ ምንም አይነግርዎትም።

ከከተማው ውጭ የሚኖር ለምን ይበልጥ ይከፍላል?

መከራከሪያው ቀላል ነው። ነዋሪው ከ80ው 40ውን በግብር አስቀድሞ ከፍሏል፤ ከሌላ ከተማ የመጣው አልከፈለም። የሳን ፍራንሲስኮ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ በዚህ ሐሳብ ከ2010 ጀምሮ ከከተማዋ ውጭ የመጣውን ያስከፍላል፤ የከተማዋ ነዋሪ ግን አድራሻውን አሳይቶ ያለ ክፍያ ይገባል።

ነገሩ ሲከር ምን እንደሚሆን ፓሎ አልቶ ታሳያለች። ይህች ሀብታም ከተማ ፉትሂልስ የሚባለውን ሰፊ የተራራ ፓርኳን ለአሥርት ዓመታት ለነዋሪዎቿ ብቻ ዘግታ ኖረች። ነዋሪ ሳይሆን፣ ነዋሪም ሳያስከትል የገባ ሰው በሕግ ይጠየቅ ነበር። በ2020 የሲቪል መብት ድርጅቶች ከሰሷት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ሕዝቡ ጎረፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተማዋ ለአንድ መኪና 6 ዶላር መግቢያ አስቀመጠች። እዚህ ላይ ክፍያው ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን ብዛት መቆጣጠሪያም ሆነ።

እርስዎ ከከተማው ውጭ የሚኖሩ ከሆነ፣ የግብዣው ባለቤት ማን ተብሎ እንደሚመዘገብ አስቀድመው ያስቡ። ነዋሪ የሆነ ዘመድ በስሙ ቢይዝ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ ኃላፊነቱና ማስያዣው ግን በእሱ ስም ይሆናል። አንዳንድ ከተማ ይህን ይከለክላል፤ ይጠይቁ።

የኳስ ሜዳው ጉዳይ

በየከተማው የሐበሻ የእግር ኳስ ቡድን አለ፤ ሜዳ ማግኘትም ራስ ምታት ነው። ስለዚህ በ2014 በሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር የሆነውን ልንገርዎት።

በሰፈሩ መጫወቻ ሜዳ ላይ ወጣቶቹ በልማድ የሚጫወቱት በተራ ነበር። የመጣ ይገባል፣ የተሸነፈ ይወጣል፤ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ከተማዋ ግን በአንዳንድ ምሽቶች ለአዋቂዎች ሜዳውን በሰዓት በ27 ዶላር ማከራየት ጀምራ ነበር። አንድ ምሽት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኞች ፈቃዳቸውን በወረቀት ይዘው መጡና ለወጣቶቹ ውጡ አሏቸው። ክርክሩ በቪዲዮ ተቀርጾ በየቦታው ተሰራጨ። ከተማዋ በዚያ ሜዳ ላይ የአዋቂዎችን ኪራይ አቆመች።

27 ዶላር ለ14 ሰው ቢካፈል ለአንዱ 2 ዶላር እንኳ አይሞላም። ችግሩ የዋጋው መጠን አልነበረም። ተራ የሚጠብቁበትን ቦታ ገንዘብና የኢንተርኔት ምዝገባ ላለው ማስረከቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ በዶሎረስ ፓርክ ሣሩን ለሽርሽር በክፍያ ማስያዝ ሲሞከርም ነዋሪው ተቆጣ፤ ሙከራው ቆመ። ሜዳ የሚያከራይ ከተማ ሁሉ ስንት ሰዓት ለኪራይ፣ ስንት ሰዓት ያለ ክፍያ ክፍት እንደሚሆን በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት ባይ ነኝ። ቡድንዎ ሜዳ ሲይዝም ወጣቶች ተራ የሚጠብቁበት ሰዓት እንዳልሆነ ይጠይቁ።

አዳራሽ ስከራይ ምን ምን እከፍላለሁ?

ዋናው የሰዓት ኪራይ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው እንግዳ ከሚገባበት ሳይሆን እርስዎ ወንበር ለመደርደር ከገቡበት እስከ ጠርገው እስከወጡበት ነው። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ለሚቆይ ግብዣ አዳራሹን ከ4 እስከ 11 መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል፤ 4 ሰዓት ያሉት 7 ይሆናል። የእኛ ግብዣ በሰዓቱ እንደማይጀምር እያወቁ አጥብቀው አይያዙ። ያሳለፉት ሰዓት በብዙ ቦታ ከመደበኛው በላይ ያስከፍላል።

ማስያዣ ጉዳት ካልደረሰ ተመላሽ ነው። ከመግባትዎ በፊት የግድግዳውንና የወለሉን ፎቶ ያንሡ። የሠራተኛ ክፍያ በሩን ለሚከፍተውና ለሚቆየው ሰው ነው። ብዙ ከተሞች ለአንድ ቀን የሚሆን የኃላፊነት ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ፤ ይህም አንድ ሰው ወድቆ ቢጎዳ ካሳውን የሚከፍል ውል ነው። በከተማው በኩል ወይም ከግል ድርጅት መግዛት ይቻላል። ቢራም ሆነ ጠጅ የሚቀርብ ከሆነ ተጨማሪ ፈቃድ፣ አንዳንዴም የጥበቃ ሠራተኛ ይጠየቃል። ይህን ሳይናገሩ ገብቶ መገኘት ማስያዣን ሊያስበላ ይችላል።

የቡናው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። ብዙ የከተማ አዳራሾች ውስጥ እሳት ማንደድ አይፈቀድም፤ ከሰልና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሊያስጮሁ ይችላሉ። እሳት አደጋ ያለ ምክንያት ከተጠራ ሒሳቡ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ወይም ዕጣኑን ውጭ ማጨስ ይቻል እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ላይብረሪስ ለምን በነጻ ሆነ?

በካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ መሠረት በዚያ ሕግ የተቋቋሙ የማዘጋጃ ቤት ላይብረሪዎች ለነዋሪው ለዘለዓለም ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። መጽሐፍ ማዋስ ከፒራሚዱ ሰፊ መሠረት ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነብ ሕዝብ ለሁሉም ይጠቅማል በሚል። የሚከፈልባቸው ነገሮች አሉ፦ የጠፋ መጽሐፍ ምትክ፣ ወረቀት ማተም፣ አንዳንድ ቦታ የስብሰባ ክፍል።

የመዘግየት ቅጣት ግን እየጠፋ ነው። ታሪኩ ክፍያ ለመተመን ለሚፈልግ ሁሉ ትምህርት ነው። የሳን ዲዬጎ ከተማ ሒሳቡን ስትሠራ በዓመት ወደ 675,000 ዶላር ቅጣት ለመሰብሰብ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እያወጣች አገኘችው። ሠራተኞች ሲደውሉ፣ ደብዳቤ ሲልኩ፣ ሳንቲም ሲቆጥሩ የሚያልፈው ሰዓት ከገቢው በለጠ። በ2018 ቅጣቱን አነሣች። ሳን ፍራንሲስኮ በ2019፣ ሎስ አንጀለስ በ2020 ተከተሉ። ሳን ፍራንሲስኮ የልጆቹንና የወጣቶቹን ቅጣት ከዚያ በፊት፣ በ1974፣ አንሥታው ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ትንሽ ክፍያ ሲታሰብ አንድ መስመር መጨመር አለበት፤ መሰብሰቡ ራሱ ስንት ያስወጣል? ለ2 ዶላር መግቢያ በር ላይ ሰው ማስቀመጥ፣ የካርድ ማሽን፣ የባንክ ክፍያ፣ ሒሳብ ማወራረድ አለ። የልጆች ገንዳ መግቢያ ላይ ይህን ስሌት ያልሠራ ከተማ ብዙ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከ2022 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ላይብረሪዎች መኪናን ወደ ብዙ የግዛቱ ፓርኮች ያለ ክፍያ የሚያስገባ ፈቃድ እንደ መጽሐፍ ማዋስ ጀምረዋል። በሰፈርዎ ላይብረሪ መኖሩን ይጠይቁና ተራ ይያዙ።

መክፈል ካልቻልኩስ?

ዋጋውን አይተው አይመለሱ። አብዛኞቹ የፓርክ መምሪያዎች ለልጆች ፕሮግራም የክፍያ ድጋፍ አላቸው፤ አንዳንዱ ስኮላርሺፕ ይለዋል። ብዙ ጊዜ የሚበቃው ሜዲካል የተባለው የጤና መድን፣ ካልፍሬሽ የተባለው የምግብ ድጋፍ ወይም የትምህርት ቤት ምሳ ድጋፍ እንዳለዎት የሚያሳይ ወረቀት ነው። ገንዘቡ ግን ውስን ነው፤ ቀድሞ ላመለከተ ይደርሳል። ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ወረቀቱን ያስገቡ።

ለእድርና ለማኅበር ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ተብሎ የተመዘገበ ማኅበር ብዙ ቦታ የተለየ፣ ዝቅ ያለ የአዳራሽ ዋጋ ያገኛል። ለበዓልም ሆነ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት በየሳምንቱ አዳራሽ የሚከራይ ማኅበር ምዝገባውን ቢያሟላ በዓመት የሚያተርፈው ቀላል አይደለም።

የድጋፉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በትምህርት ክፍያ ላይ ከተማው ከአንዱ ከወጪው በላይ ወስዶ የሌላውን ቅናሽ መሸፈን አይችልም። ስለዚህ ከአጠቃላይ ፈንዱ፣ ከኪራይ ገቢ ወይም ከልገሳ መምጣት አለበት። በጀት ሲቆረጥ ቅናሹ አብሮ መቆረጡን ይከታተሉ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይታይም።

ሐሳቤን የምናገረው የት ነው?

የአብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ከተሞች የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የክፍያ ለውጥ ብዙ ጊዜ ከበጀቱ ጋር በግንቦትና በሰኔ ይቀርባል። በብዙ ከተማ መጀመሪያ የፓርክ ኮሚሽን የተባለው የነዋሪዎች አማካሪ ቡድን ያየዋል። ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል፤ በአብዛኛው የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

ብራውን አክት በሚባለው የ1953 ሕግ መሠረት ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ማንም ተነሥቶ መናገር ይችላል፤ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ደግሞ የተመደበው ጊዜ ቢያንስ እጥፉ እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል፤ በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉም መሣሪያ ካለ ግን ይህ አይሠራም። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናት በአማርኛ ተናግረው ልጃቸው ቢያስተረጉምላቸው መብታቸው ነው።

ከመሄድዎ በፊት የከተማውን ጸሐፊ ቢሮ የወጪ ጥናቱን ይጠይቁ። ሲያገኙት ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ተዘዋዋሪው ወጪ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ፣ ጭማሪው ሲሰላ ስንት ተመዝጋቢ ይቀራል ተብሎ እንደተገመተ። ሁለተኛው ቁጥር ጭራሽ ካልተጻፈ ስብሰባው ላይ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጭማሪው ከጸደቀ በብዙ ከተማ በሐምሌ 1 ይጀምራል። አዳራሹን በግንቦት ይዘው ግብዣው ነሐሴ ላይ ከሆነ፣ የቀድሞው ዋጋ ይጸናል ወይስ አዲሱ የሚለው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ስልክ ላይ የሰጡዎትን መልስ በኢሜይል እንዲልኩልዎት ይጠይቁና ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት።